ከዑማን ያመጣኋቸው ሦስት ዛጎሎች

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዛጎል ጣይ ተብዬ አውቃለሁ። የሸህ ይማም ልጅ፣ አባቷ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቁርኣን እያስቀሩ ያስተማሩ፣ ፋጡማ ዛጎል ጣይ! ይህን ሲሰማ የሚስቅ ይኖራል። እኔም አንዳንዴ ልስቅ ይቃጣኛል፤ ነገር ግን ሳቁ ከመምጣቱ በፊት ፊቴ ይቀላል። ወሬው በከተማው በየዓይነቱ ስለሚወራ፣ አንዴ እንኳ ከባለቤቷ ስሙት ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ዑማን የሄድኩት እንደ ሰፈሬ ልጆች ለቤት ሠራተኛነት ነበር። ሕፃን ሳዝልና ምንጣፍ ሳጥብ ቆይቼ፣ የእመቤቴ ወንድም ባሕር ዳር የዛጎል ማርቢያ ነበረውና ሰው ሲጎድልበት ወደዚያ ወሰደኝ። ዛጎል ሲባል እኛ የምናውቀው አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሹን ነጭ ነው። የዚያ አገሩ ግን መዳፍ ያህላል፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ ሉል የሚገኝበት የባሕር እንስሳ ነው። ሥራዬ ገንዳ ማጠብ፣ ውሃ መቀየርና ማብላት ነበር። ቤተሰቦቼ በስልክ ሲጠይቁኝ ግን "ሆስፒታል ነው የማጸዳው" እላለሁ። ቀንድ አውጣ ስታጥብ ትውላለች ቢባል አባቴ በምን ፊታቸው መስጊድ ይገባሉ ብዬ ነዋ።

ከገንዳዎቹ ግማሾቹ ውሃቸው ሆን ተብሎ እንዲኮመጥጥ ይደረግ ነበር። ኃላፊያችን ላታ የምትባል ህንዳዊት ነበረች፤ ዓረብኛዋ ከእኔ የባሰ ስለሆነ እየተሳሳቅን እንግባባለን። "የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ ሁሉ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ባሕሩ ይጠጣዋል" አለችኝ። ሲጠጣው ውሃው ቀስ በቀስ ይኮመጥጣል። ሰው ቢቀምሰው አይለየውም፤ ዛጎሉ ግን ቤቱን የሚሠራው ከኖራ ስለሆነ ወዲያው ያውቀዋል። እንቁላል ሎሚ ውስጥ ብትከቱት ቅርፊቱ እየሳሳ እንደሚሄደው ማለት ነው። እዚያ የሚያጠኑት ሰዎች ጥያቄ ግን ከዚያ ያልፍ ነበር፤ እናቲቱ በኮመጠጠ ውሃ ከኖረች ልጇ ምን ይሆናል? የልጅ ልጇስ?

እዚያ በቆየሁበት ጊዜ አያትም እናትም ልጅም በእጄ አለፉ። የአያቲቱ ቅርፊት ሳሳ። ከልጆቿ ብዙዎቹ ገና እንደ ዱቄት ደቃቅ ሳሉ አለቁ። የተረፉት ግን፣ ከደህናው ውሃ መጥተው በድንገት ኮምጣጣው ውስጥ ከተጨመሩት የተሻለ ቤት ሠሩ፤ እናታቸው ያየችውን መከራ አስቀድማ የነገረቻቸው ይመስል ነበር። ደስ ብሎኝ ለላታ ሳወራ እጄን ይዛ ወደ ሌላ ገንዳ ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ሌላ ዓይነት ዛጎል ነው፤ እሱ ደግሞ እናቲቱ በተቸገረች ቁጥር ልጁ እየደከመ ይሄዳል። "አንዱን አይተሽ በሌላው አትፍረጂ" አለችኝ። እሺ አልኳት፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የለውጡ ሰሞን አገር ተስተካከለ፣ ኑ ሲባል እኔም መጣሁ። ላታ ስንሰናበት የሞቱ ሦስት ዛጎሎች በጥጥ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አንዷ አያት፣ አንዷ እናት፣ አንዷ ልጅ። ሳጥኔ ሥር ከትቼ ለማንም አላሳየሁም። ሐይቁ ላይ ዓሣ ለማርባት አስቤ ነበር። ከቢሮ ቢሮ ነገ ነይ ስባል ጦርነቱ ቀድሞኝ ደረሰ።

አሁን እማ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። እናቴ እኔን ወልዳ በታመመች ጊዜ፣ እማ አስካለ ልጇን አበባውን በአንዱ ጡቷ፣ እኔን በሌላው ይዛ አሳደገችን። እሷ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ በእኛ አገር ይህ ወሬ አይሆንም። አበባው የጡት ወንድሜ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ ከሚሊሻው ጋር ወጣ። አምባሰል ተራራ ሥር ናቸው የሚል ወሬ ደረሰን፤ ከዚያ በኋላ ከተማችን ተያዘች፤ ስልኩም መብራቱም ጠፋ፤ ወሬውም እዚያ ላይ ቆመ።

አንድ ቀን ጠዋት የታጠቁ ሰዎች መሣሪያና ስልክ ፍለጋ ወደ ሰፈራችን ገቡ። ሁላችንንም ግቢያችን ውስጥ ሰብስበው ቤት ለቤት ይፈትሹ ጀመር። የእኔን ሳጥን አውጥተው አባቴና ጎረቤት ሁሉ በሚያይበት ገለበጡት። ጥጡ ተፈታና ዛጎሎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አንዱ ወጣት፣ ትልቋን አንስቶ።

ከዑማን የዛጎል ማርቢያ ያመጣሁት ነው እንዳልል አባቴ ሆስፒታል ነው የሚያውቁት። "ዛጎል ነው" ብቻ አልኩ።

"ጠንቋይ ነሽ? እስቲ ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ ንገሪን!" አለና ወርውሯት እየሳቀ ወጣ።

ጎረቤቶቼ ግን አልሳቁም። ዛጎሎቹንም እኔንም እያፈራረቁ አዩ። አባቴ ሰላት ሳይደርስ ለውዱእ ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሄዱ። በሕይወቴ ሙሉ አባቴ ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከቀትር በኋላ ሴቶች በጓሮ በኩል ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ልጇ የዘመተባት፣ ባሏ ደሴ የቀረባት። "እቱ፣ ያችን የዓረብ አገር ዛጎል አንዴ ጣይልኝ" ይሉኛል።

"ሂዱ ወዲያ! ወላሂ እኔ ምንም አላውቅም! የሸህ ልጅ ጥንቆላ ስትሠራ አይታችኋል?" ብዬ ጮኽኩባቸው። ቁጣ ቅርቤ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። እነሱ ግን የባሰ አመኑ። ደህና ዛጎል ጣይ መጀመሪያ እምቢ ነው የሚለው ተባባሉና ነገ እንመጣለን ብለውኝ ሄዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እማ አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች።

"ምነው እማ አስካለ፣ በበሩ አትመጪም?"

"ሸህ እንዳያዩኝ ብዬ ነዋ። አፍሬ ነው የመጣሁ ልጄ። በእስጢፋኖስ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።" ተቀመጠች። እጆቿ አንዱ ሌላውን አይለቅም። "አበባው አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ ነገ አምባሰል ወጥቼ ራሴ እፈልገዋለሁ።"

"መንገዱ ሁሉ ተኩስ ሆኖ! ይገድሉሻል እኮ!"

"እና እዚህ ቁጭ ብዬ ልበድ?"

ዛጎል እንደማያውቅ፣ እኔም እንደማላውቅ ነገርኳት። አልሰማችኝም። እሺ፣ ምን እንደሆኑ ካሳየኋት ይገባታል ብዬ ሦስቱንም አውጥቼ ሰሌኑ ላይ ደረደርኳቸው። ስለ ማርቢያው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለሚኮመጥጠው ባሕር አወራኋት። ለአባቴ ያልነገርኩትን ሁሉ ለእሷ ነገርኳት። እሷ ግን የምትሰማው ስለ ባሕር አልነበረም።

"ይቺ እናቲቱ በኮመጠጠ ውሃ ነው የኖረች?"

"አዎ።"

"እንደ እኔ በያ። የኛስ ውሃ መች ጣፈጠ!" ትንሿን ዛጎል አንስታ ሳስቶ የቀረውን ጠርዟን በጣቷ ዳሰሰችው። "ይኼስ ልጇ ነው? ሳስቷል፤ ግን አልተሰበረም።"

"መከራ ያየች እናት ልጅ ይበረታል እማ። ከሌሎቹ ይልቅ እነሱ ናቸው የተረፉት" አልኳት።

ስለ ሌላው ገንዳ አልነገርኳትም። ሳልነግራት የቀረሁት ረስቼ አይደለም፤ ፊቷ ሲፈታ አይቼ ሳሳሁ።

"አበባውስ?" አለችኝ። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ነው የጠየቀችኝ።

እኔም በሆዴ ሒሳቤን ሠራሁ። ካላወቀች ትሄዳለች። ሞቷል ብላት አስከሬኑን ልፈልግ ብላ ትሄዳለች። አለ ካልኳት አርፋ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ትተርፋለች። ሒሳቡ ትክክል መሰለኝ።

"አለ" አልኳት። "አበባው አለ።"

እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ያዝኩት። ጉልበቴን ስማ፣ በመጣችበት ቀዳዳ ሾልካ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ተሰማ፤ መብራት ስለሌለ ወፍጮ ቤቱ ከቆመ ሰንብቷል። ሰሞኑን እህል አልቀምስም ያለችው ሴት ዛሬ ልትበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም በራሴ ኮራሁ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ጠዋት አባቴ ከሱብሂ ሰላት ሲመለሱ ቆመው ጠሩኝ።

"አስካለ የት እንደሄደች ታውቂያለሽ?"

"ቤቷ ናት አባ።"

"ቤቷ የለችም። በሶ በስልቻ አዝላ ስትወጣ ሰው አይቷታል። 'ልጄ አለ፤ ፋጤ ዛጎል ጥላ ነግራኛለች፤ ስንቅ ላደርስለት ነው' ብላለች።"

ወፍጮው ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ተቀመጥኩ።

"ዓረብ አገር የተማርሽው ይህን ነው?" አሉኝ አባቴ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ቢጮሁብኝ በወደድኩ።

እዚያው ተቀምጬ እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ሆስፒታሉ ውሸት እንደነበር፣ ዛጎል ሳጥብ እንደኖርኩ፣ ዛጎሎቹ ምን እንደሆኑ፣ ለእማ አስካለ ምን እንዳልኳት።

"ገንዳ ማጠብ ምን ያሳፍራል? የሐላል ሥራ ነው። ያን ብትነግሪኝ ዱአ አደርግልሽ ነበር።" ወደ መንገዱ አዩ። "ያሳፈረኝ የትናንቱ ነው። ያወጣት ቃልሽ ነው፤ ሂጂና መልሻት።"

አምባሰልን በዘፈን እንጂ በእግሬ አላውቀውም ነበር። አስፋልቱ ላይ ፍተሻ ስላለ እኔም እሷ ትሄድበታለች ባልኩት የእግር መንገድ ገባሁ። ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዱ አይቻታለሁ ይላል፤ ሌላው አላየሁም ይላል። ተራራው ላይ ተኩስ ሲሰማ ማሽላ ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ፤ ሲቆም ተነስቼ እሮጣለሁ። አንድ ቦታ መንገድ ዳር የወደቀ ነጠላ አይቼ ቆምኩ። ቀርቤ ሳገላብጠው የእሷ አይደለም። ነጠላው የሌላ እናት መሆኑን እያወቅሁ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ሰው እንዲህም ያመሰግናል።

ቀትር ካለፈ በኋላ አንድ ወንዝ ዳር፣ ሾላ ሥር ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ አገኘኋት። ስልቻው ጎኗ ነው። ስታየኝ ፈገግ አለች።

"አንቺም ናፈቀሽ? ነይ፣ አብረን እንሄዳለን።"

እግሯ ሥር ተደፋሁ። "እማ አስካለ፣ ዋሽቼሻለሁ። እኔ ምንም አላውቅም። ዛጎሉም አያውቅም። አበባው ይኑር አይኑር አላህ ነው የሚያውቀው። እንመለስ።"

እግሯን ከውሃው አወጣች። ውሃው ሲሄድ ይሰማኛል።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"አለ ካልኩሽ ተረጋግተሽ ትቀመጫለሽ ብዬ።"

ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም ነበር። "አይ ልጄ፣ አልወለድሽማ። ሞቷል ብትይኝማ ምን ያስቸኩለኛል? አልቅሼ እቀመጥ ነበር። የሞተ አይርበው። ያለው ነው የሚርበው።"

አንገቴን ደፋሁ። ቀጠለች።

"ደግሞ ዛጎሉን ያመንኩት መስሎሻል? እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ዛጎል ምን ያውቃል? ፋጤ ጡቴን የጠባች ናት፤ በወንድሟ ቀልዳ አለ አትለኝም ብዬ ነው። ያመንኩት አንቺን ነው።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ። የዚያችን ያህል የገባብኝ የለም። መሬት ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

ተመለሽ ብላትም እምቢ አለች። ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩምና ስልቻውን አዝዬ ተከተልኳት። ተራራው ሥር ካለች መንደር አያ መሐመድ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ቤታቸው አስገቡን። ከቤተሰቡ ጋር ንፍሮ ቀመስን። እማ አስካለ የአበባውን መልክ፣ ቁመቱን፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ጠባሳ ነገረቻቸው።

"ብዙ ልጆች አለፉ እናቴ" አሉ አያ መሐመድ። "ገሚሱ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ። ገሚሱ እዚሁ ቀረ፤ በእጃችን ነው የቀበርናቸው። ክርስቲያኑን ከእስላሙ አልለየንም፤ ስማቸውንም የሚነግረን አላገኘንም።" ከጥግ አንድ ማዳበሪያ ጎትተው አመጡ። "እናት ስትመጣ ትለየዋለች ብዬ ልብሳቸውን አኑሬያለሁ። ሹራብም ጫማም አለበት። እዪው።"

እማ አስካለ ማዳበሪያውን አየችው። እጇን ግን አልሰደደችም።

"ለሞተባት አሳዩት። የኔ ልጅ አለ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አይደለም እንዴ ፋጤ?"

ከጥቂት ሰዓት በፊት ወንዙ ዳር የነገርኳትን ያልሰማች አስመሰለች። ሽማግሌውም እኔን ያያሉ። ማዳበሪያውን ከፍቼ ማየት እችል ነበር። የአበባውን ሹራብ አውቀዋለሁ፤ አንዴ ባይ ይበቃኝ ነበር። አልከፈትኩትም። መልስም አልሰጠኋት። ሽማግሌው ማዳበሪያውን ወደ ጥግ መልሰው አኖሩት።

በማግስቱ በሶውን ለአያ መሐመድ ትታ፣ "የሚያልፍ ልጅ ካለ አብሉልኝ" አለቻቸውና ተመለስን። ደጃችን ስንደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። አባቴ በር ላይ ቆመው ነበር። እሳቸው ፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ ዛጎል ጣይ እንዳልሆንኩ፣ ለእማ አስካለ ያልኳትም ከራሴ እንደሆነ ተናገርኩ። ሴቶቹ ተበተኑ። አንዷ ብቻ ዞር ብላ "የሰው ልጅ መጫወቻሽ ነው?" አለችኝ።

ከተማችን ኋላ ነፃ ወጣች። መብራትም ስልክም መጣ። ተራራውን ከተሻገሩት ልጆች የተመለሱ አሉ፤ አበባው አልተመለሰም። የቅሬው፣ የሰፈራችን እድር፣ ሰዎች ለቅሶ እንድትቀመጥ ሊለምኗት ሲሄዱ "ልጄ አለ፤ ፋጤ ነግራኛለች" ብላ መለሰቻቸው። የቅሬው ሰብሳቢ እኔ ዘንድ መጥተው "አንቺው አሳምኛት" አሉኝ። ሄድኩ። ለምኜያታለሁ፤ አልቅሼባታለሁ። "መጀመሪያ ያልሽኝን ነው የያዝኩት" ትለኛለች። ፍትሐት አላስፈታችም፤ ጥቁር አልለበሰችም። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን ሐዘን እሷ ብቻ ሳታለቅሰው ተቀምጣለች። እሱም በሕይወት ካለ፣ ያለበትን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም።

አንባቢዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ለማጽናናት ብለሽ ነው፣ ክፋት አልነበረበትም ትሉኝ ይሆናል። አባቴም በኋላ እንዲሁ አሉኝ፤ አብሽሪ፣ አይዞሽ አሉኝ። ግን እኔ ያን ማታ የነገርኳት የገንዳዎቹን ወሬ ግማሽ ነው። ግማሹን ስናገር ያማረ ነበር፤ ሙሉውን ብናገር ኖሮ "አይታወቅም" ይሆን ነበር መልሴ። አይታወቅም ማለት ያን ቀን ጭካኔ መሰለኝ። ዛሬ ሰው ሲጨነቅ አይቼ ደስ የሚለውን ልነግረው ምላሴ ሲቸኩል፣ እፍረቱ ቀድሞ ይይዘኛል። ይህ ብልህ አደረገኝ አልላችሁም። ዝም የምል ሰው አደረገኝ።

አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። እማ አስካለ አቅፋ ነው ያሳደገችልኝ፤ እምቢ ልላት በምን አፌ? ልጄ አፏን ከፈታች ወዲህ ከአጥሩ ማዶ ውላ ትመጣለች፤ ዘፈንም ተረትም ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ሰሞን ልብስ ሳጥብ መጥታ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

"እማ፣ አጎቴ አበባው መቼ ነው የሚመጣው?"

እጄ የሳሙናው አረፋ ውስጥ ቀረ። ዓይኗ ልክ እንደ እማ አስካለ ዓይኔ ላይ ተተክሏል።

"አላውቅም ልጄ" አልኳት።

"እምዬ አስካለ ታውቃለች" አለችኝና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሮጠች።